የኡሙሀኒ መስመር

ዳግማዊት አባቷን በሩ ላይ አቁማ የኮታቸውን ኮሌታ ታስተካክላለች። መምህር ሔሩይ እጇን ቀስ አድርገው ገፉት።

"ተይኝ እስቲ። ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው።"

"የእሑዱን እየተለማመድን ነው፣ አባዬ። ቀና በል።"

ቀና አሉ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ተማሪ ሲያዙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ቤት ውስጥ ግን አዛዡ ሌላ ነው። ሚስታቸው በሕይወት ሳሉ አዛዧ ሚስታቸው ነበሩ፣ ከሞቱ ወዲህ ደግሞ ይህች በዓይደር ሆስፒታል መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጃቸው ናት። ዛሬም የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስዳ በባጃጅ ጭና አምጥታቸዋለች።

ቦታው መቀሌ፣ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ውስጥ፣ ከገበያው ጀርባ ባለ ጠባብ መንገድ ላይ የተሠራ የድንጋይ ቤት ነው። ሙዚየም ሲባል ትልቅ ነገር የጠበቀ ሰው አልፎት ይሄዳል። የብረት በሩ ላይ በትግርኛም በአማርኛም "የሰባ ሰባቱ ረሃብ መታሰቢያ" የሚል ቆርቆሮ ተሰቅሏል። ባለቤቱ ዘርኡ ግንበኛ ነው። ቤቱን በገዛ እጁ ሠርቶ ሲጨርስ ለመንገዱ የቀረቡትን ሁለት ክፍሎች ለሙዚየሙ ሰጠና፣ እሱ ከነቤተሰቡ ጓሮ ባሉት ተጣብቦ መኖር ጀመረ። ሚስቱ በዚህ ላይ የምትለው ብዙ ነው ይባላል።

የእሑዱ ነገር እንዲህ ነው። ከሁለት ወር በፊት ዳግማዊት ከሥራ ጓደኞቿ ጋር ይህን ሙዚየም ልታይ መጥታ፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ፎቶግራፎች በአንዱ አባቷን አገኘቻቸው። ጎፈሬያቸው አድጎ፣ ጉንጫቸው ገብቶ፣ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሰው ይጽፋሉ። ከፊታቸው የተሰለፈው ሕዝብ መጨረሻ የለውም። ለዘርኡ ስትነግረው እዚያው ቆሞ አለቀሰ። ረሃቡ አርባ ዓመት የሞላው በዚህ ዓመት በመሆኑ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መታሰቢያ ይደረጋል፤ ያን ዕለት ለመምህር ሔሩይ ጋቢ ሊያለብሳቸው፣ "ያኔ የመዘገበን ሰው እነሆ" ሊል ወሰነ። የጥሪ ወረቀቱ ታትሞ ተበትኗል።

ዳግማዊት ነገሩን የፈለገችው ለጋቢው ብላ አይደለም። አባቷ የመንዝ ሰው ናቸው። መቀሌ አርባ ዓመት ኖረው፣ አግብተውባት፣ ወልደውባት፣ ሚስታቸውን ቀብረውባት፣ ከጦርነቱ ወዲህ የአንዳንድ ጎረቤት ሰላምታ አጠረባቸው። ባንክ በተዘጋበት ዓመት ከአንድ ድስት የበሉ ጎረቤቶች ናቸው። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራቸውም። ብቻ ዕድር ሲቀመጡ አጠገባቸው ያለው ወንበር ቶሎ አይሞላም። እሳቸው "ሁሉም ሐዘን አለበት፣ ተዪው" ይሏታል። እሷ ግን ልትተወው አልቻለችም፤ ለእሑድ ሰፈሩን በሙሉ የጠራችው ራሷ ናት።

"እንቋዕ ብደሓን መጻእኩም" አለ ዘርኡ በሩን እየከፈተ። አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ጥፍሩ ሥር የገባው ሲሚንቶ ለታቦት ቀንም አይለቅም። "ይግቡ፣ መምህር። እሑድ ግርግር ይሆናልና ዛሬ ተረጋግተው ይዩት ብዬ ነው።"

የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ የቆርቆሮ ኩባያዎች፣ የስንዴ ጆንያ፣ የልጅ ክንድ ይለካበት የነበረ ባለ ቀለም ጥብጣብ፣ ጠርዛቸው የተበላ የራሽን ካርዶች ተደርድረዋል። መምህር ሔሩይ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እያንዳንዱን በየተራ አዩ። ፎቶግራፉ ጋ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

"እጄ ብቻ ነው የእኔ የሚመስለው" አሉ።

"እኔ ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር" አለ ዘርኡ። "እዚህ ሰልፍ ውስጥ አልታይም እንጂ ነበርኩ። የጻፉኝ እርስዎ ይሆናሉ ብዬ አስባለሁ።"

"መዝጋቢዎቹ ስድስት ነበርን።"

"ዋእ፣ ከስድስት አንድ ከሆነ ይበቃኛል።"

ዳግማዊት ሳቀች፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁማም በስልኳ ፎቶ አነሳቻቸው። መምህር ሔሩይ በመምጣታቸው ደስ ያላቸው በዚያ ሰዓት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ክፍል ጠባብ ነው። መካከሉ ላይ ዘርኡ ከድንጋይ የሠራው አጭር መቆሚያ አለ፤ እላዩ ላይ ባለው የመስታወት ሣጥን ውስጥ አንድ ትልቅ መዝገብ ተከፍቶ ተቀምጧል። ዘርኡ ስለዚህ መዝገብ ማውራት አይሰለቸውም። ከሃያ ዓመት በፊት ገበያ ውስጥ በርበሬ ሲገዛ ነጋዴዋ ከአሮጌ መዝገብ ቅጠል ገንጥላ ስትጠቀልልለት፣ ወረቀቱ ላይ የሰው ስም አየ። የቀረውን ግማሽ መዝገብ በሁለት ኪሎ በርበሬ ዋጋ ገዛው። ሌላው ግማሽ ከበርበሬ ጋር ወደየቤቱ ሄዷል።

"በጦርነቱ ጊዜ ደግሞ" አለ፣ "በላስቲክ ጠቅልዬ ግድግዳ ውስጥ አስገብቼ ገንብቼበት ነበር። ሚስቴ እንኳ የትኛው ግድግዳ እንደሆነ አታውቅም። ይህን ገጽ የከፈትኩት ጽሑፉ ስለሚያምር ነው። አሁን ሳስበው ይኼም የእርስዎ እጅ ሳይሆን አይቀርም። እስቲ ይዩት።"

ሊያዩት ሲጠጉ በሩ ላይ ኳኳታ ተነሳ። ወደ አሥራ አምስት የሚሆኑ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ከአስተማሪያቸው ጋር ገቡና መስታወቱን ከበቡት። የምታስጎበኛቸው ረምላ የምትባል ቀጭን ልጅ ናት፤ አባቷ ከወሎ መጥቶ እዚሁ ገበያ ጨርቅ የሚነግድ፣ እሷ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ እየተማረች ግማሽ ቀን ለዘርኡ የምትሠራ። ለተማሪዎቹ በትግርኛ ታስረዳለች፤ መዝገቡ በአማርኛ ስለተጻፈ ግን መስመሮቹን እንዳሉ አነበበችላቸው። አንዱ መስመር ላይ ስትደርስ ድምጿ ፈጠን አለ።

"'ሁለት መቶ አሥራ አንድ። ኡሙሀኒ እንድሪስ። ከወሎ። እናት እስላም፣ ልጅ ማተብ አስሯል። በውሰት የመጣ ልጅ ነው። ተሰርዛለች።'"

ከዚያ መስታወቱ ሥር የተለጠፈውን የዘርኡን ማብራሪያ አነበበች። "ረሃብ ሰውን ምን ላይ እንደሚያደርስ የሚያሳይ ነው። ይህች ሴት ራሽን ለማግኘት የሌላ ሰው ልጅ ተውሳ መጥታ፣ በመዝጋቢው ንቃት ተደርሶባታል።"

"ልጅም ይዋሳሉ እንዴ?" አለ አንዱ ተማሪ። ከኋላ ያሉት ሳቁ። አስተማሪያቸው ገሠጻቸው እንጂ እሱም ፈገግ ብሏል። ተማሪዎች ናቸው፣ በሳቃቸው ክፋት አልነበረበትም። ጥቂት ቆይተው እየተጋፉ ወጡ።

መምህር ሔሩይ ወደ መስታወቱ ጎንበስ አሉ። የእጅ ጽሑፉ የእሳቸው ነው። በኡሙሀኒ ስም ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተሰመረው ቀይ መስመርም የእሳቸው ነው፤ በማስመሪያ የተሰመረ፣ አንድ ቦታ እንኳ ያልተወላገደ መስመር። መጀመሪያ ያሰቡት ነገር በርበሬ ሻጯን ነው። ምነው ይህንንም ገንጥላ በጠቀለለችበት ብለው ተመኙ፤ መመኘታቸውም ለራሳቸው አስጠላቸው።

"አባዬ፣ ምን ሆንክ? ቁጭ በል" አለች ዳግማዊት።

"ደህና ነኝ።"

ረምላ ተማሪዎቹን ሸኝታ ተመለሰች። መምህሩ እዚያው መስመር ላይ እንዳፈጠጡ አየቻቸው።

"እርስዎንም ከነከነዎት?" አለች። "እኔን ሁልጊዜ ነው የሚከነክነኝ። ወላሂ፣ እዚህ ስደርስ ቶሎ ብዬ ነው የማልፈው።"

"ምኑ ነው የሚከነክንሽ?"

"ማተቡ። እኛ አገር እኮ ይኼ ብርቅ አይደለም። የእናቴ አባት ክርስቲያን ነበር፣ አያቴ ሙስሊም። ከልጆቻቸው ገሚሱ በአባቱ፣ ገሚሱ በእናቱ ወጣ። አጎቴ እስከ ዛሬ ማተብ አለው፤ ለዒድ ሲመጣ ለእሱ ለብቻው በክርስቲያን እጅ ይታረድለታል። እና ይቺ ሴትዮ ልጇ ማተብ ስላሰረ ብቻ እንዴት የሌላ ሰው ልጅ ይባላል? ለአያ ዘርኡ ነግሬያቸው ነበር።"

"እውነቷን ነው፣ ነግራኛለች" አለ ዘርኡ። "እኔ ግን መዝጋቢው እዚያው ነበር፣ ዐይኑ ያየውን ነው የጻፈው አልኳት። እኛ ከየት እናውቃለን?"

መምህር ሔሩይ ግድግዳውን ይዘው ጥግ ያለችው ዱካ ላይ ተቀመጡ።

ያኔ ሔሩይ ሃያ ዓመቱ ነው፤ አንቱ የሚለው ሰው አልነበረም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ሥራ ፈቶ ደብረ ብርሃን ሲንከራተት፣ ጽሑፉ የሚነበብ መዝጋቢ ለመቀሌ መጠለያ ይፈለጋል ተባለና በጭነት መኪና መጣ። መንዝም ዝናብ ጠፍቶ ስለነበር መበለት እናቱ የምትበላው እሱ የሚልክላትን ነው።

የመጠለያው አሠራር ልጁ የከሳባት እናት ትቅደም የሚል ነው። የልጁ ክንድ በጥብጣብ ይለካል፤ ቀዩ ላይ ከደረሰ እናትም ልጅም አጥሩን አልፈው ይገባሉ፣ ካርድ ይሰጣቸዋል። ያልደረሰ ውጭ ይጠብቃል። ውጭ የሚጠብቀው እንዴት እንደሚያድር የማያውቅ ስላልነበረ፣ አንዳንድ እናቶች የጎረቤት ልጅ ተውሰው መምጣት ጀመሩ። ከገቡ በኋላ ልጁን ለእናቱ ይመልሱታል፤ በማግስቱ ያው ልጅ በሌላ ሴት ጀርባ ይመጣል። የመዝጋቢዎቹ አለቃ ጠዋት ጠዋት ይጮህባቸው ነበር። ዐይናችሁን ክፈቱ፣ ለአንዷ ያለ አግባብ የሰጣችሁት ከሌላዋ አፍ ነው የሚወጣው ይላቸዋል። ውሸትም አልነበረም። ኡሙሀኒ በመጣችበት ሳምንት ሔሩይ ሦስት የተዋሱ ልጆች ለይቶ፣ በጓደኞቹ ፊት ተመስግኗል።

ሴትዮዋ ሻሿን በአገጯ ሥር ቋጥራለች። ጀርባዋ ላይ ያለው ልጅ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ አንገቱን ማቅናት አቅቶታል። አንገቱ ላይ ጥቁር ማተብ አለ። ስሟን ስትነግረው ሔሩይ ጻፈና ማተቡን አየ።

"ልጁ ያንቺ ነው?"

"የኔ ነው፣ ወንድሜ።"

"ማተቡስ?"

"አባቱ ክርስቲያን ነው። አላማጣ ላይ ተለይቶን ቀረ።"

ሔሩይ የሚያውቃቸው ሙስሊሞች ከቆላ ለገበያ ወደ መንዝ የሚወጡት ነጋዴዎች ናቸው። ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ጣሪያ ሥር ይወልዳሉ ሲባል ሰምቶ አያውቅም። ፈጥና ያመጣችው ውሸት መሰለው። እንዲያውም አራተኛዋን አገኘሁ ብሎ ደስ አለው። ወላሂ ልጄ ነው፣ በአላህ ይዤሃለሁ እያለች ስትለምነው ማስመሪያውን አነሳ። ዘበኛው ክንዷን ይዞ ከሰልፉ አወጣት።

በሦስተኛው ቀን አንድ ገበሬ ጠረጴዛው ጋ መጣ። እሱም አንገቱ ላይ ማተብ አለው። ራሽን አልጠየቀም። የወንድሜ ልጅ ሞተብኝ፣ መገነዣ ስጡኝ አለ። እናቱስ ቢለው፣ ውጭ ናት፣ አትገባም ተብላለች፣ እስላም ናት አለ። ቁጣም የለበት። ሔሩይ ሁለት ሜትር አቡጀዲ ቀዶ ሰጠው።

ሴትዮዋን ያን ዕለት ሊመልሳት ይችል ነበር። የተሰረዘ ስም የሚመለሰው በአለቃው ፊርማ ነው፤ ለአለቃው ደግሞ ተሳስቻለሁ ማለት አለበት። ከመዝጋቢዎቹ መካከል የተሳሳተ አንድ ወጣት በዚያው ሳምንት ተሰናብቷል። ሔሩይ እናቱን አሰበ። ነገ አለቃው ረጋ ሲል እነግረዋለሁ አለ። በማግስቱ ወጥቶ ቢፈልጋት ከነበረችበት የለችም። ወደ ደቡብ ተመለሱ ያለው አለ፣ አላየሁም ያለው ይበዛል።

ይህን ሁሉ መምህር ሔሩይ ዱካዋ ላይ ተቀምጠው፣ ዐይናቸውን ከወለሉ ሳያነሱ ነገሯቸው። ብዙ አልፈጀም። አርባ ዓመት ሙሉ ረጅም ይመስላቸው የነበረ ነገር በአሥር ደቂቃ አለቀ።

"ለእማዬ ነግረሃታል?" አለች ዳግማዊት።

"አልነገርኳትም።"

"ሠላሳ ዓመት አብራችሁ ኖራችሁ?"

"እንዴት አድርጌ ልንገራት? መጀመሪያ የወደደችኝ በረሃቡ ጊዜ እዚህ ስለነበርኩ ነው።"

ዳግማዊት ወደ በሩ ሄደች፣ ተመለሰች። ስትናደድ እንደ እናቷ ድምጿ ዝቅ ይላል።

"ሃያ ዓመትህ ነበር። ስንት ሺህ ሰው ጽፈሃል። አያ ዘርኡ ይኸው ቆሟል።"

"ይሁን።"

"ይሁን አይደለም። እሑድ ማን ማን እንደሚመጣ ታውቃለህ? ሓፍቶም ይመጣል፣ እነዚያ ከጎናችን ያሉት ይመጣሉ። ይህን ሲሰሙ ምን የሚሉ ይመስልሃል? 'ድሮም' ነው የሚሉት፣ አባዬ። ሌላ አይሉም። 'ድሮም' ይላሉ።"

ሓፍቶም የዕድሩ ሰብሳቢ ነው፤ በጦርነቱ ሁለት ልጆች ሞተውበታል። መምህር ሔሩይም የፈሩት ይህንኑ ነው። እሑድን እንደማይፈልጉት ሲያስመስሉ ሰነበቱ እንጂ ፈልገውታል። ለሁለት ወር ማታ ማታ ሲተኙ ሓፍቶም ተነስቶ ሲያቅፋቸው ይታያቸው ነበር።

ዘርኡ ከኪሱ ቁልፍ አውጥቶ የመስታወት ሣጥኑን ከፈተ።

"መምህር፣ አንድ ነገር ልበል፣ በጃኹም አይቆጡ። ገጹን እንገልብጠው። መዝገቡ ያው ነው፣ ጽሑፉም የእርስዎ ነው። ይኸው።" በሻካራ ጣቱ ቅጠሉን አነሳና ገለበጠው። የሚቀጥለው ገጽ ንጹሕ ነው፤ አርባ ስም በአርባ መስመር፣ አንድም ስረዛ የለበትም። "ማንም አያውቅም። እኔም አልናገርም፣ ረምላም አትናገርም።"

መምህር ሔሩይ ገጹን ሲያዩ ደረታቸው ቀለለ። እንዲህ በቀላሉ ይቀልልኛል ብለው አላሰቡም ነበር። ዳግማዊትም ትንፋሿን ለቀቀች።

ረምላ መስታወቱ ሥር ተለጥፎ የነበረውን ማብራሪያ ቀስ ብላ ላጠችው። እጇ ላይ ይዛው ቆመች።

"ይህንንስ ምን ላድርገው?" አለች። "ልቅደደው?"

"ቅደጂው እንጂ" አለ ዘርኡ።

"ቆይ" አሉ መምህር ሔሩይ። "ስንት ተማሪ ሰምቶታል ይህን?"

"እኔ ከጀመርኩ ወዲህ? በሳምንት ሁለት ትምህርት ቤት ይመጣል።" ረምላ ጣቶቿን ስታጥፍ ቆይታ ተወችው። "ብዙ ነው። የዛሬዎቹም ቤታቸው ገብተው ያወሩታል።"

"ልጅ የተዋሰችዋ ሴትዮ እያሉ።"

"አዎ። በጣም የሚይዙት እሱን ነው።"

መምህር ሔሩይ ልጅ የተዋሰችዋ ሴትዮ የሚለውን ደግመው በልባቸው አሉት። ያን ዘመን ያደረጉትን ያደረጉት በፍርሃት ነው፤ እናታቸውም ነበሩ፣ እንጀራቸውም ነበር። ዛሬ ግን እናታቸው አርፈዋል፣ ጡረታቸው ተከብሯል፣ ከሥራ የሚያሰናብታቸው አለቃ የለም። ዛሬ ቢተዉት የሚያመካኙበት አጡ። ከዱካው ተነሱ።

"መልሰው፣ ዘርኡ።"

"ምኑን?"

"ገጹን። እንደነበረ መልሰው።"

ዘርኡ ዳግማዊትን አየ። እሷ ፊቷን አዞረች። ጥቂት ጠብቆ ቅጠሉን ወደ ነበረበት መለሰው፤ ቀዩ መስመር እንደገና ታየ።

"እሑድስ?" አለ። "ሰዉ ተጠርቷል እኮ።"

"ይምጡ። ከመቀመጣቸው በፊት በዚህ ክፍል አሳልፋቸው። አንብበው ሲያበቁ ጋቢውን ላልብሰው የሚል ካለ ያልብሰኝ፤ ከሌለ ለሌላ ሰው ይሆናል።"

"አባዬ" አለች ዳግማዊት። ልትከራከር የጀመረች መስላ ነበር፤ ተወችው። እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። አባቷም እንባዋን ሲያዩ ተረበሹ፤ ሆኖም ሐሳባቸውን አልቀየሩም።

ረምላ ከመሳቢያ ነጭ ካርቶንና እስክሪብቶ አመጣች። መምህር ሔሩይ መስኮቱ ደፍ ላይ አስደግፈው መጻፍ ጀመሩ። እጃቸው ድሮ እንደነበረው አይደለም፤ አንዳንዱ ፊደል ከመስመሩ ይወጣል። ዘርኡ ከትከሻቸው በላይ ሆኖ እየተከተለ አነበበ።

"ይህን መስመር የሰረዝሁት እኔ ነኝ። ኡሙሀኒ እንድሪስ ልጅ አልተዋሰችም። ልጁ የራሷ ነበር፤ ነግራኛለች፣ አላመንኋትም። በሦስተኛው ቀን ልጁ ሞተ። እውነቱን ያን ዕለት ባውቅም ስሟን አልመለስሁትም። የት እንደደረሰች አላውቅም።"

"ስምዎን ባይጽፉስ?" አለ ዘርኡ በቀስታ። "'መዝጋቢው' ቢባል ይበቃል። ሰዉ ይገባዋል።"

"እሷ በስሟ ነው የተጻፈችው" አሉ። ከታች ትንሽ ቦታ ትተው የራሳቸውን ስም ከነአባታቸውና ከነአያታቸው ጻፉ፤ ሰው ሲመዘግቡ ያደርጉት እንደነበረው።

ረምላ ካርቶኑን ተቀብላ እያነበበች ወደ መስታወቱ ሄደች። ከዚያ ቆም ብላ መዝገቡን አየች፣ ጣቷንም በመስመሩ ላይ ወሰደች።

"የልጁ ስም ማን ነበር?" አለች። "እዚህ 'የልጅ ስም' የሚለው ባዶ ነው።"

መምህር ሔሩይ ወደ መዝገቡ ጎንበስ አሉ። ማስታወስ የሚችሉት ነገር መስሏቸው ጥቂት ፈለጉት። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ካርቶኑን እንድትመልስላቸው ጠየቋት፣ እንደገና መስኮቱ ላይ አስደገፉት፣ ከስማቸው በላይ በቀረችው ቦታ "የልጁን ስም አልጠየቅሁም" ብለው ጨመሩበት።